ባንኩን ልተው ወይስ ክራሩን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። መልስ የሚሰጡት በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች ለብዙ ዓመታት ቤዝ ጊታር የተጫወቱት፣ ዛሬ ሙዚቃ በማስተማር ላይ የሚገኙት የዓምዱ አዘጋጅ ናቸው።

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው አዳማ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ በአንድ ባንክ መሥራት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በቤታችን ከሬዲዮ በቀር ሙዚቃ የሚባል ነገር አልነበረም። ባለፈው ዓመት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ክራር ልትማር ተመዝግባ «ብቻዬን አልሄድም» ብላ ቅዳሜ ከሰዓት ይዛኝ ሄደች። እሷ በሁለተኛው ወር ተወችው፤ እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለሁ። መስኮት ላይ ተቀምጬ ደንበኛ ሳስተናግድ በውስጤ ዜማ እየተመላለሰ፣ የቆጠርኩትን ብር እንደገና የምቆጥርበት ጊዜ አለ። መምህሬ ድምፄንም ስለወደደው እየዘፈንኩ መጫወት ጀምሬያለሁ። በቅርቡ በአንድ ባልደረባችን ሠርግ ላይ ሁለት ዘፈን ተጫወትኩና ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበልኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ ጊዜዬን ለሙዚቃ መስጠት አምሮኛል። እናቴ ግን «ያስተማርኩሽ አዝማሪ እንድትሆኚ ነው?» ብላ አኩርፋኛለች። 27 ዓመት ለመጀመር ረፍዷል? ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልግባ? ሥራዬንስ ልልቀቅ?

ገ. ከአዳማ

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ሠርጉ ላይ አይደለም። ጓደኛሽ በሁለተኛው ወር ስትተው አንቺ መቅረትሽ ላይ ነው። የሠርግ ጭብጨባ ደስ ይላል፤ ብዙ ግን አትመኚው። ያው ታዳሚ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማይክሮፎን ነጥቆ ለሚያንጎራጉረው የሙሽራው አጎትም ተነሥቶ ያጨበጭባል። ሁለተኛው ወር ግን ሌላ ነው። የጣት ጫፍ የሚቆስለው፣ ክሩ አልቃኝ ብሎ የሚያስለቅሰው፣ ጎረቤት ግድግዳ የሚደበድበው ያን ጊዜ ነው። ያንን አልፈሽ አሁንም ቅዳሜን የምትናፍቂ ከሆነ ፍቅሩ እውነተኛ ነው።

የዕድሜውን ነገር ቶሎ አንሥተን እንለፈው። በ27 ዓመቷ ቫዮሊን ጀምራ በትልልቅ ኦርኬስትራዎች ፊት ብቻዋን ልትቆም ያሰበች ሴት ብትጽፍልኝ፣ ሐሳቧን እንድትቀንስ እለምናት ነበር። ክራር እንዲያ አይደለም። በግርፍ ስትጫወቺ ቀኝ እጅሽ ክሮቹን ሁሉ ይመታል፤ ጨዋታው ያለው ግራ እጅሽ ላይ ነው፤ የማይፈለጉትን ክሮች አፍነሽ የሚፈለገውን ብቻ እንዲናገር ትለቂዋለሽ። ይህን ጣት በማንኛውም ዕድሜ ይማረዋል። የሚከብደው ጆሮ ነው፤ ጆሮሽ ደግሞ አንቺ ሳታውቂው በዚያው በቤታችሁ ሬዲዮ ሲሠለጥን ኖሯል።

እስኪ አንድ ነገር ሞክሪልኝ። ክራርሽን በሙሉ ትዝታ ቅኝት ቃኚው። ከዚያ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ድምፅ በግማሽ በግማሽ ዝቅ አድርገሽ ወደ ግማሽ ትዝታ አምጪው። የስልክ መቃኛ አትጠቀሚ፤ በጆሮሽ ብቻ። ቤት ዘግተሽም አታድርጊው፤ ቤተሰቡ እራት እየበላ፣ ቴሌቪዥኑ እየጮኸ አድርጊው። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ቅኝቶች እለፊ፤ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል፣ ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ ለኔ። ምን ያህል ጊዜ ወሰደብሽ? በባህል ምግብ ቤት መድረክ ላይ የሚሰጥሽ ጊዜ ተወዛዋዦቹ ልብስ ቀይረው እስኪወጡ ያለው ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ ልብስ በመቀየር የሚያህላቸው የለም።

ይህን ያነሣሁት ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። «ሙሉ ጊዜዬን ለሙዚቃ መስጠት» ስትዪ በዓይነ ሕሊናሽ የመጣልሽ ምን እንደሆነ ስለምገምት ነው። መብራት በላይሽ፣ ክራር በእጅሽ፣ የራስሽ ዘፈን በአፍሽ። አለ፣ እንዲህ ያለ ምሽት አይጠፋም። አብዛኛው የሙዚቀኛ ሕይወት ግን የሌላ ሰው ዘፈን ማጀብ ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ትቀመጫለሽ፤ እንግዳው እጁን እየታጠበ፣ እንጀራው እየቀረበ አንቺ በለስላሳው ትጫወቻለሽ፤ ማንም አይሰማሽም፤ ብታቆሚ ግን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ውዝዋዜው ይጀመራል። ከጎጃም ወደ ጉራጌ፣ ከጉራጌ ወደ ወላይታ፣ ከወላይታ ወደ ትግርኛ፣ ከትግርኛ ወደ ኦሮምኛ። እያንዳንዱ የራሱ ምት አለው፤ ችክችካ የሚባለውን ምት ብቻ ይዘሽ ሁሉንም አዳርሳለሁ ብትዪ ከበሮ መቺው በዓይኑ ይገስጽሻል። ዘፋኙ ጉንፋን ይዞት «ዛሬ ትንሽ ዝቅ እናድርገው» ቢል ኪቦርድ ያለው ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይገላገላል፤ አንቺ ግን ክሮቹን አንድ በአንድ ማውረድ ይኖርብሻል። እኔ ቤዝ ስጫወት ስንት ምሽት ፊቴን ማንም ሳያይ እንዳለፈ! ያንን ወድጄው ነበር የኖርኩት። ቤዝ ተጫዋችን ማንም አያየውም፤ እሱ ሲሳሳት ግን እስክስታ የሚመታው ሁሉ እግሩ ይደናበራል። ይህን የመሰለ የተደበቀ ሥልጣን የሚያስደስተው ሰው አለ፣ የማያስደስተውም አለ። አንቺ የትኛዋ እንደሆንሽ ከሠርጉ ጭብጨባ ልታውቂ አትችዪም።

እንግዲህ በምን ታውቂዋለሽ? እኔ በሥራ ዘመኔ የማምነው አንድ ምልክት ብቻ ነው፤ መልሶ የሚደውለው ሰው። የመጀመሪያውን ሥራ በዘመድ፣ በወዳጅ፣ በመምህር ታገኛለሽ። ለሁለተኛው የሚደውለው ግን አብሮሽ የተጫወተው ከበሮ መቺ ወይም ማሲንቆ ተጫዋች ነው፤ የሚደውልልሽም በሰዓቱ ስለመጣሽ፣ ቅኝትሽ ስላልተዛባ፣ የማታውቂውን ዘፈን አንዴ ሰምተሽ ስለያዝሽው፣ በክፍያ ሰዓትም ነገር ስላላበዛሽ ነው። ባለሙያ የሚያደርግሽ የእሱ ስልክ ነው። ሰው ዘፈንሽን ወደደው ማለት ሌላ፣ ሙዚቀኛ ካንቺ ጋር መሥራት ወደደ ማለት ሌላ።

ስለዚህ ሥራሽን ዘንድሮ አትልቀቂ። የባንክ ሥራ ዓርብ ማታና ቅዳሜ ማታን አይወስድብሽም፤ የአዳማ ሆቴሎችም ሥራ የሚበዛባቸው በእነዚሁ ምሽቶች ነው። መጀመሪያ ለሌላ ዘፋኝ አጃቢ ሆነሽ ግቢ። ሳትለምኚ፣ ሦስት የተለያዩ ሰዎች መልሰው ሲጠሩሽ ያን ጊዜ እንነጋገራለን። አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽና ሌላ የምነግርሽ አለ። የሙዚቀኛ ገቢ በየወሩ እኩል አይገባም። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ሁለት ሦስት ሥራ በአንድ ሳምንት ይደራረባል፤ ሽልማቱም ግንባር ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ሁዳዴ ይገባል፤ ኦርቶዶክሱ ለ55 ቀን ሠርግ አይሠርግም፤ የምሽት ክበቡም ይቀዘቅዛል። በረመዳንም ሠርግ እንዲሁ ነው። ሠርግ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ይመለስና በክረምት እንደገና ይሳሳል። ብዙ ጎበዝ ተጫዋች ሙያውን የተወው ሁዳዴ ገብቶ የቤት ኪራይ ስላልጠበቀው ነው። ጥር ላይ ካገኘው ቀንሶ ለሚያዝያ የሚያስቀምጥ ሙዚቀኛ ብርቅ ነው፤ አንቺ ይህን ለማወቅ አራት ዓመት ደመወዝ ተከፍሎሽ ተምረሻል።

ሌላ ሥራ እየሠሩ ሙዚቀኛ መሆን ያሳፍራል የሚል ሰው ቢገጥምሽ የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ንገሪው። በሒልተን አዲስ አበባ ይጫወት በነበረው በዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ሰው፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው የኋላ ሻንጣ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. ብቻውን፣ አኮርዲዮኑን ጨምሮ የቀረጸው ካሴት በ2013 እ.ኤ.አ. በአንድ የአሜሪካ አሳታሚ እንደገና ሲወጣ ዓለም አወቀውና ወደ መድረክ ተመለሰ። እኔን የሚገርመኝ መመለሱ አይደለም፤ የጠራው ሲመጣ እጁ ዝግጁ ሆኖ መገኘቱ ነው። ማንም ሳይጠራው፣ በታክሲ ወረፋ መካከል ጣቱን ሲያፍታታ ኖሯል።

ወደ ያሬድ እንምጣ። ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ፣ የችሎታ ፈተና አልፈሽ የምትገቢበት የመደበኛ ትምህርት ተቋም ነው። ፒያኖና ቫዮሊን ብቻ የሚያስተምር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንትም እዚያ በወጉ ይሰጣሉ። ነገር ግን ለምን እንደምትፈልጊው ራስሽን ጠይቂ። ማስተማር ከፈለግሽ ግቢ። ቋሚ ደመወዝ ባለበት ቤት፣ በብሔራዊ ቴአትር ወይም በሀገር ፍቅር፣ በፖሊስ ወይም በመከላከያ ኦርኬስትራ፣ ወይም በክልል የባህል ኪነት ቡድን መቀጠር የምታልሚ ከሆነም ይጠቅምሻል። በምሽት ለመጫወትና ለመዝፈን ብቻ ከሆነ ግን አሁን ያለውን መምህርሽን አትልቀቂ፤ ኖታ ማንበብ ጨምሪበት። ኖታ የማያነብ ድንቅ የክራር ተጫዋች ሞልቷል፤ ስቱዲዮ ገብቶ ቅንብሩ በወረቀት ሲሰጠው ግን የሚደናበረውም እሱ ነው።

ትምህርት አቋርጠው የገነኑ ሙዚቀኞችን ስም እየጠራ የሚያደፋፍርሽ አይጠፋም። ሙላቱ አስታጥቄን አንዱ ያደርጉታል፤ ሲናገሩ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገሩት። ሙላቱ ምሕንድስና እንዲማር ነበር ከኢትዮጵያ ወደ ዌልስ የተላከው። ሙዚቃ እዚያ ያዘው። ከዚያ በኋላ ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ፤ ቀጥሎ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ቦስተን በርክሊ ሲገባ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆነ። ትምህርቱን የት ነው ያቋረጠው? የቀየረው እኮ የትምህርቱን ዓይነት ነው።

እናትሽን በተመለከተ ረጋ በዪ። ከጥላሁን ገሠሠ በላይ በዚህች አገር የተወደደ ድምፅ አልነበረም፤ እሱም ወሊሶ ሳለ አያቱ ትምህርትህን ተማር እያሉት ነበር ጠፍቶ አዲስ አበባ የገባው። የዚያ ዘመን ወላጅ ዘፋኝነትን የሚፈራው በምክንያት ነበር፤ ሰው አዝማሪውን ከግብዣው ያስቀምጠዋል፣ ከጋብቻው ግን ያስወጣዋል። ይህን እናትሽ ከእናቷ ሰምታዋለች። (እኔን ብትጠይቂኝ፣ ማሲንቆ ይዞ ለማያውቀው ሰው በቆመበት ግጥም የሚገጥም አዝማሪ ከእኛ ከባንድ ተጫዋቾች ሁሉ የላቀ ባለሙያ ነው። ይህን ለእናትሽ አሁን አትንገሪያት።) የእሷ እውነተኛ ጥያቄ ግን ሌላ ይመስለኛል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ በምን ትመጫለሽ? ከማን ጋር? ለዚህ መልስ ይዘሽ ቅረቢያት። ሥራ ስትዋዋዪ የመመለሻ ትራንስፖርት ከክፍያሽ ውጭ እንዲሆን፣ ባለቤቱ የሚያውቀው ሾፌር በር ላይ እንዲያደርስሽ አስቀድመሽ ተነጋገሪ። ይህን እምቢ የሚል ቤት ሌላውንም እምቢ ይላልና አትግቢ። የባንዱን አባላት ቤት ጋብዢያቸው፤ እናትሽ ቡና ታፍላላቸው። አብሮሽ የሚያመሸውን ሰው መልክና ወግ ስታውቅ ግማሹ ኩርፊያ ይለቃታል፤ ሌላው ግማሽ ይቆያል፣ ይቆይ።

ጥያቄ

ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ በጅዳ በሰው ቤት የምሠራ እናት ነኝ። የ15 ዓመት ልጄ ደሴ ከአያቱ ጋር ይኖራል። ኦርጋን ግዢልኝ እያለ በስልክ ሌት ተቀን ይለምነኛል። አያቱ ትምህርቱን ያስተወዋል ትላለች። እኔም በላቤ ያገኘሁት ገንዘብ መጫወቻ ላይ እንዳይቀር እሰጋለሁ። ግዢ ካልከኝስ ምን ዓይነቱን ልግዛ?

እናት፣ ከጅዳ

መልስ

እህቴ፣ ግዢለት። ትልቁን ግን አትግዢ።

ሱቅ ስትገቢ ሻጩ ብዙ ቁልፍና ብዙ መብራት ያለውን ያሳይሻል፤ አንቺ ሦስት ነገር ጠይቂው። አንደኛ፣ 61 ቁልፍ ይኑረው፤ ለጀማሪ ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ በቀስታ ሲነኩት ድምፁ የሚቀንስ፣ በኃይል ሲነኩት የሚጎላ መሆኑን በጣትሽ ሞክሪ፤ ሁሌም እኩል የሚጮህ ከሆነ እሱ መጫወቻ ነው፣ ተዪው። ሦስተኛ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራና የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ያለው ይሁን። የጆሮ ማዳመጫው ለልጁ አይደለም፣ ለአያቱ ነው። አያትየው ሰላም ካገኙ ልጁም ሰላም ያገኛል።

ይህን ዓይነቱን ኪቦርድ ሲከፍት ውስጡ የተሞሉ ምቶች ያገኛል፤ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ከበሮና ቤዝ ራሱ ይሠራለታል። የመጀመሪያውን ጊዜ እነሱን አጥፍቶ ይለማመድ በዪው። ምቱን መሣሪያው ሲጠብቅለት የኖረ ልጅ ከሰው ጋር ሲጫወት ይሮጣል፤ ብዙ ተማሪዬን ከዚህ ለማላቀቅ ደክሜያለሁ። ልጅሽ ያለው ደግሞ ወሎ ነው። የአምባሰልና የባቲ አገር ልጅ ኪቦርድ ላይ ተጎንብሶ የሌላ አገር ዘፈን ብቻ ሲለማመድ ማየት አልወድም። እዚያው ደሴ ከሚያዜም ሽማግሌ፣ ከመንዙማ ባለሙያ፣ ከቤተ ክርስቲያን ዜማ ቤት ተማሪ አጠገብ ይቀመጥ፤ የሰማውን ቤት ገብቶ በአንድ ጣት ይፈልገው። ያ ፍለጋ ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጥበታል።

አደራ የምልሽ አንድ ነገር አለ። «ከክፍልህ አንደኛ ከወጣህ እገዛልሃለሁ» አትበዪው። እንዲያ ካልሽው ሙዚቃው የፈተና ሽልማት ይሆንበታል፤ ፈተና የወደቀ ቀንም አብሮ ይወድቃል። ይልቅ በሳምንት አንድ ቀን ስትደውዪ የለመደውን አንድ ዜማ በስልክ ይጫወትልሽ። አንቺ ከዚያ ማዶ ሆነሽ እየተለወጠ እንደሆነ በራስሽ ጆሮ ትሰሚዋለሽ፤ እሱም ሳምንቱን ሙሉ የሚያዘጋጀው ነገር ይኖረዋል። ለትምህርቱም አትስጊ፤ ትምህርት የሚያስተወው ኦርጋን ሳይሆን ከኦርጋኑ ጋር ሌሊት የሚያስመሽ ጓደኛ ነው። እሱን አያቱ ይጠብቁ።

ጥያቄ

ጋሼ፣ የ23 ዓመት ድምፃዊ ነኝ። ከአንድ ልጅ ግጥምና ዜማ ገዝቼ፣ ለቅንብር ከፍዬ፣ ስቱዲዮ ገብቼ ቀረጽኩ። ልለቀው ስል ያው ዜማ በሌላ ዘፋኝ ወጥቶ አገኘሁት። ልጁ ለሁለታችንም ሸጦታል። የከፈልኩት በእጅ ነው፤ ወረቀት የለኝም። ምን ላድርግ?

ከሐዋሳ

መልስ

አንተ ልጅ፣ ወረቀት ሳትይዝ ስቱዲዮ ድረስ የወሰደህ ማን ነው?

ተወው፣ ከወቀሳው ሥራው ይሻላል። መጀመሪያ የሰበሰብከውን ሁሉ ቁጠር። ገንዘብ በእጅ ሰጠሁ ትላለህ፤ ስለ ዋጋው በቴሌግራም አልተነጋገራችሁም? ዜማውን በስልኩ እያንጎራጎረ የላከልህ ድምፅ የለም? ስቱዲዮው የቀረጸበት ቀን በኮምፒውተሩ ተመዝግቧል፤ አቀናባሪውም ሰው ነው፣ ያስታውሳል። እነዚህን አንዳቸውንም ሳትደመስስ ለሌላ ቦታ ገልብጣቸው። ከዚያ ልጁን በሽማግሌ ጥራው። በእኛ ሙያ ብዙው ጉዳይ የሚያልቀው እዚያ ነው፤ ስሙ ከጠፋ ከማንም ጋር መሥራት እንደማይችል ያውቃልና። ካልሆነ ማስረጃህን ይዘህ ወደ ጠበቃ ሂድ። ያኛው ዘፋኝ ላይ ግን አትጩህ፤ ምናልባት እሱም እንዳንተ የተታለለ ይሆናል።

ለሚቀጥለው ግን የሚከተለውን ያዝ። የኮፒራይትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለን፤ በ2007 በወጣው አዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። በዚህ ሕግ ግጥሙ የገጣሚው፣ ዜማው የዜማ ደራሲው ነው፤ መብታቸው በሕይወት ዘመናቸውና ከሞቱ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። አንተም ድምፃዊ በመሆንህ በራስህ አዘፋፈን ላይ ተዛማጅ መብት አለህ። «ገዛሁት» ስትል ታዲያ ምኑን ነው የገዛኸው? ለአንድ ጊዜ ለመቅረጽ ነው? ለመድረክም ጭምር ነው? ለማስታወቂያ ቢፈለግ ገንዘቡ የማን ነው? ለሌላ ሰው ላይሰጠው ተስማምቷል? እነዚህ በአንድ ገጽ ወረቀት ይጻፋሉ። የሥራው ርዕስ፣ የግጥሙ ሙሉ ቃል፣ የተከፈለው ገንዘብ በአኃዝና በፊደል፣ ቀን፣ የሁለታችሁ ፊርማ፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ። ክፍያውን በባንክ አስተላልፍ። ከፍለኸውም ቢሆን ስሙን አትሰርዝ፤ የደራሲው ስም በሥራው ላይ መጠቀሱ የራሱ መብት ነው፤ ገንዘብህ ያንን አይጨምርም።

የቀረጽከውን ዘፈን አትጣለው። አቀናባሪው ፈቃደኛ ከሆነ በራስህ ግጥምና በአዲስ ዜማ ላይ ቅንብሩን መልሶ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ከእሱም ጋር ቢሆን መጀመሪያ ተፈራረም።